የሁለት ዲናር ሒሳብ፦ በረሃ ወርዶ በካላ-አዛር የሚታመመው የቀን ሠራተኛ ጉዳይ በጎንደር

ሰኔ ገባ ሲል ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከእብናት፣ ከሊቦ ከምከም ወጣት ወንዶች ስንቃቸውን ቋጥረው በረሃ ይወርዳሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ነጋዴ ባሕርን አልፎ ሸኸዲ የሚደርስ መኪና በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች የሚጠብቀው ሰሊጥ ነው፤ መጀመሪያ አረም፣ ከመስከረም ጀምሮ አጨዳ። ከወራት በኋላ ከነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ክንዳቸው ቀጥኖ፣ በሰው ተደግፈው ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይመጣሉ። እዚህ የምንመረምረው ይህን መንገድ ነው። የአንድን ታካሚ ስም አንጠራም፤ መንገዱ የብዙዎች ነውና።

ጥያቄያችን ይህ ነው። ካላ-አዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ምርመራውና መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ታዲያ ሰዎች ለምን ዘግይተው ይደርሳሉ? የካቶሊክ የሥነ ምግባር ትምህርት ስለ ሰው ተጋላጭነትና ስለ አጋርነት የሚያስተምረው ለዚህ ምን መልስ አለው?

ከሥራው እንነሣ። ሰሊጥ የታችኛው ፍሬ ቢጫ መሆን ሲጀምር መታጨድ አለበት። ከዘገየ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው ነዶ ቀጥ ብሎ ተደግፎ ይቆምና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ስለዚህ ባለ እርሻው በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ካቦው ሰው ሰብስቦ በኮንትራት ይዋዋላል። በኮንትራት የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ቢተኛ የዚያን ቀን እንጀራ አጣ ማለት ነው። ማታ የሚታደረው እዚያው ማሳው ዳር፣ በሸራ ጥላ ወይም ከግራር ሥር ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲደርቅ በጥልቅ ይሰነጣጠቃል፤ ካላ-አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን በስንጥቁ ውስጥ ተጠልላ ትውልና ሌሊት ትወጣለች። ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እንደ ወባ ትንኝ ጆሮ ሥር አትጮህም፤ የተነከሰ ሰው መነከሱን ሳያውቅ ያድራል። ዓይኑ ሰፊ በሆነ አጎበር ትሾልካለች፤ የሚረዳው በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ነው። ይህም ቢሆን መስቀያ ይፈልጋል፤ ከሜዳ ላይ ለተኛ ሰው አራት እንጨት ያልተተከለለት አጎበር ብርድ ልብስ ነው።

ጥገኛ ተሕዋሱ ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ይባላል። የጎንደር ሰው ቁንጭርን ያውቃል፤ ያ በደጋ የሚገኝ፣ ፊት ላይ ቁስል የሚያወጣ የዚሁ ቤተሰብ በሽታ ነው። ካላ-አዛር ግን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ይይዛል። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይመላለሳል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ደም ያንሳል፣ ነስር ይመጣል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

የጉዳዩ ቋጠሮ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ያልፋል። በጥቅምት የተነከሰ ሰው የሚታመመው በታኅሣሥ፣ በጥር ወይም በመጋቢት፣ ቤቱ ተመልሶ ነው። በበሽታው ቦታ ሳለ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው በሽታው ይኖራል ተብሎ በማይጠረጠርበት ደጋ ነው። አሠሪው አያየውም። ካቦው ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይቆጥራል። የመንደሩ ጤና ጣቢያ ደግሞ ትኩሳት ሲያይ ቀድሞ የሚያስበው ወባን ነው፤ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ሳይሻለው ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለተኛ ይሰጠዋል። ለዚህ ስሕተት መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ባለፈው ዓመት በረሃ ወርደህ ነበር?» ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ ወይም የከሳ ሰውነት፣ በዚያ ላይ የበረሃ ጉዞ ካለ ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚከተል እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ታይቷል። ካላ-አዛር በማይታወቅበት በዚያ ወረዳ ብዙ ሰዎች በረጅም ትኩሳት ሲያልቁ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። በሽታው ካላ-አዛር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀመሩ። በሽታው ወደ ደጋው የገባው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ ሠራተኞች በኩል እንደሆነ ይገመታል። በረሃን አይተው የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ ታመሙ። የአንዱ ሠራተኛ መጋለጥ የመንደሩ ሁሉ መጋለጥ ሆነ።

ምርመራው የሚጀምረው ጣት ተወግቶ በሚወጣ ጠብታ ደም ነው። አር-ኬ 39 በሚባለው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ከታየ በሽታው አለ ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ይህ ወረቀት በሕንድ የሚታየውን ያህል አስተማማኝ አይደለም፤ ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይበልጥ ይስታል። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ታይቶ የሐኪሙ ጥርጣሬ ግን ካልለቀቀ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሰው የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው። ጣፊያ ሲወጋ ደም የመፍሰስ አደጋ ስላለ አስቀድሞ የደም መርጋት ይታያል፣ ከዚያም በኋላ ታካሚው ለሰዓታት ተኝቶ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ በአማርኛ፣ በእርጋታ፣ አስታማሚው ባለበት ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው። ሳይገባው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያተመ ሰው ፈቀደ አይባልም።

የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን በአንድነት ለ17 ቀን ነው። 45 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። ስቲቦግሉኮኔት በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ሲሰጥ በቀን 900 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ስላለ 9 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ማለት ነው። ይህን ያህል በአንድ ቦታ በጡንቻ አይወጋም፤ ለሁለት ይከፈላል። ፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሲጨመር በቀን ሦስት መርፌ፣ በ17 ቀን 51 መርፌ ይሆናል፤ የሚወጋው ደግሞ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረ ዳሌ ነው። በአምስተኛው ቀን አካባቢ ትኩሳቱ ይለቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። «ተሻለኝ፤ ልሂድ» የሚባለውም ያኔ ነው። ነርሷ ይህን ቀን አስቀድማ ማወቅና ለታካሚውም በመጀመሪያው ቀን መንገር አለባት። ስቲቦግሉኮኔት ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን ይጎዳል፤ ስለዚህ በዕድሜ ለገፉ፣ በጠና ለታመሙና ኤች አይ ቪ ላለባቸው በደም ሥር የሚሰጠው አምቢዞም ይመረጣል።

ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ለብቻ እናንሣ፤ ስለ ተጋላጭነት ብዙ የሚያስተምረው የእነሱ ታሪክ ነው። ካላ-አዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያባብሳል፤ የታከመው በሽታ ተመልሶ ይነሣል። ተጋላጮች ናቸው ተብሎ ግን ለረጅም ጊዜ ከመድኃኒት ሙከራ ውጭ ይደረጉ ነበር። ሐሳቡ ጥበቃ ነበር፤ ውጤቱ ግን ለእነሱ የሚሆን የተፈተነ ሕክምና ማጣት ሆነ። በኋላ ለተዘነጉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዲ.ኤን.ዲ.አይ ከአጋሮቹ ጋር በጎንደርና በአብዱራፊ ባካሄደው ሙከራ አምቢዞም ሚልቴፎሲን ከሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ተፈተነ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያውን ለውጦ ይህን ጥምረት ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል። ሰሊጥ ሲያጭዱ የታመሙ የጎንደር አካባቢ ሰዎች ሰውነታቸውን ለዕውቀት ሰጥተው የማያውቋቸውን የሱዳንና የኬንያ ታካሚዎች ረድተዋል። ይህን ሳያስታውሱ እነሱን «ችግረኛ» ብቻ ብሎ መጥራት ውለታ መብላት ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ተጋላጭነት በላቲን ቋንቋ ሥሩ «ቩልኑስ»፣ ቁስል ነው፤ መቁሰል የሚችል ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ተጋላጭ ያልሆነ ሰው የለም። የክርስትና እምነት ከዚህም አልፎ ቃል ሥጋ ሆነ ሲል ሊቆስል የሚችል ሥጋ ለበሰ ማለቱ ነው፤ ከትንሣኤ በኋላም ቁስሉ አልጠፋም፣ ቶማስ አይቶታል። ሁለተኛው ዓይነት ግን ከሥጋ የመጣ አይደለም፤ ሰዎች የሠሩት ነው። የመኝታው ቦታ፣ የኮንትራቱ አከፋፈል፣ ከቀዬው መራቁ፣ የሕመሙ ዘግይቶ መምጣት ተደምረው በዚህ ሰው ላይ ተከመሩ። ሁለቱን ማደባለቅ ትልቅ ስሕተት ያመጣል። ሁሉም ተጋላጭ ነው ብቻ ከተባለ «ዕጣ ፈንታው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ድሃው ብቻ ነው ተጋላጩ ከተባለ ደግሞ እሱ የሚታዘንለት፣ እኛ የምናዝን ሆነን እንቀራለን። የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህንና የሥነ ምግባር መምህር የሆነው ጄምስ ኪናን ምሕረትን ወደ ሌላው ሰው ትርምስ ለመግባት ፈቃደኛ መሆን ነው ይላል፤ ተጋላጭነትንም ለሌላው ምላሽ መስጠት ከመቻል ጋር ያያይዘዋል። በወንጌሉ ምሳሌ ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ሊረዳ ሲቆም ወንበዴዎቹ ገና እዚያው ሊኖሩ ይችሉ ነበር፤ የቆመው ራሱንም አጋልጦ ነው።

አጋርነትን በተመለከተ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1987 በጻፉት ማኅበራዊ መልእክት የሩቅ ሰው ሕመም ሲሰማ ልብን የሚነካ ጭላንጭል ስሜት እንዳልሆነ፣ ለጋራ ጥቅም ራስን የመስጠት ጽኑና የማያቋርጥ ቁርጠኝነት እንደሆነ አስተምረዋል። ለጎንደሩ ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ የጻፉት ነው፤ በዚያ «ቀጥተኛ ያልሆነ አሠሪ» የሚለውን ሐሳብ አስገቡ። ከሠራተኛው ጋር የሚዋዋለው ካቦ ወይም ባለ እርሻ ብቻ አሠሪ አይደለም፤ የውሉን ሁኔታ የሚወስኑ ተቋማት፣ ሕጎች፣ የንግድ ግንኙነቶችም ኃላፊነት አለባቸው። ሰሊጥ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የውጭ ንግድ ሰብሎች አንዱ ነው፤ በገበያም «የጎንደር ዓይነት» ተብሎ ይጠራል። የከተማዋ ስም ከፍሬው ጋር ባሕር ይሻገራል። ፍሬውን ያጨደው ሰው ሲታመም ግን ከዚያ ሰንሰለት ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን የሠራተኛን ደመወዝ መከልከልን ወደ ሰማይ ከሚጮኹ ኃጢአቶች ትቆጥረዋለች፤ ጤናውን ወስዶ ደመወዙን ብቻ መክፈልም ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ስለ ጎንደር አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን ገለጹ፤ አገር በጦርነት ደማ፤ በ1632 ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋን ለቀቁ፤ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አልተረሳም። ጎንደርን የቆረቆሩት እነዚያው ዐፄ ፋሲል ናቸው። ስለዚህ በዚህች ከተማ የካቶሊክ ትምህርት ስለ አጋርነት ሲናገር ትሕትና ይገባዋል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሃይማኖት አይሰበክም፤ አቅም ያጣን ሰው ማግባባት ተጋላጭነቱን መበዝበዝ ነው። ካቶሊኮች በጎንደር ጥቂት ናቸው፤ ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶና በእስላም ጎረቤቶች እጅ ነው።

እጁ ደግሞ አለ። ወንፈል አለ፣ ደቦ አለ፣ ሰንበቴና ማኅበር አለ፣ እድር አለ። ነገር ግን እያንዳንዱ የት ላይ እንደሚቆም ማየት ያስፈልጋል። ወንፈል ብድር ነው፤ የታመመ ሰው አይመልስም። እድር በዋናነት የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቀባሪው ሁሉ የተዘጋጀው ለሬሳ ነው። ታሞ ጎንደር ለተኛ አባል አስታማሚ የሚልክ ደንብ ያለው እድር ብዙ አይደለም። ለቀብር ከሚወጣው ጥቂቱ ለ17 ቀን ቀለብ ቢውል ቀብሩ ራሱ ሊቀር ይችል ነበር። የማኅበረሰብ ጤና መድኑም በመኖሪያ ወረዳና በቤተሰብ የተመሠረተ ነው፤ በረሃ ላይ የታመመ ሰው መታወቂያው እቤት ቀርቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ ስላደረገው «ወደ ጎንደር ሪፈር» የሚለው ወረቀት ራሱ የድፍረት ጥያቄ ሆኗል።

ጾምም አለ። በካላ-አዛር የተያዘ ሰው በአብዛኛው በምግብ እጥረት የተጎዳ ነው፤ ወተት፣ እንቁላል፣ አልሚ ምግብ ያስፈልገዋል። ሕክምናው በነቢያት ጾም ወይም በዐቢይ ጾም ላይ ሲውል አይቀበልም። ሐኪም «ብላ» ቢለው ላይሰማ ይችላል፤ የንስሐ አባቱ «ልጄ፣ ሕመምተኛ ነህ፤ ብላ፣ መድኃኒትህ ነው» ሲሉት ግን ይበላል። የኦርቶዶክስም የካቶሊክም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕሙም ያራራል። ጠበልም እንዲሁ ነው፤ ጠበሉን መጠጣት ከመርፌው ጋር አይጣላም፤ የሚጎዳው መርፌውን በስምንተኛው ቀን አቋርጦ መሄድ ነው። ስለዚህ ካህኑን በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ዋርዱ መጥራት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

እንግዲህ ሒሳቡ። ሳምራዊው ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂው የሰጠው ሁለት ዲናር ነበር። በወይን ቦታው ምሳሌ እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ሁለት የሥራ ቀን ከፈለ ማለት ነው። ቀጥሎም ከዚህ በላይ የምትከስረውን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ሒሳቡን ክፍት ተወው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2020 በጻፉት መልእክት ይህን ምሳሌ የወንድማማችነት መሠረት አድርገውታል። የእኛ ታካሚ 17 ቀን ይተኛል፣ አስታማሚውም 17 ቀን ከሥራ ይቀራል፤ 34 የሥራ ቀን ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ ከምርመራው በፊት የባከነው ጊዜና የአስታማሚው ማደሪያ ሳይቆጠር። መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ ቀኑ ግን ነፃ አይደለም። ሰውን የሚያዘገየው ይህ ነው።

34ቱ ቀን ለአንድ ወገን ከባድ ነው፤ ከተካፈሉት ግን ይቻላል። ባለ እርሻው ሲዋዋል የሠራተኛውን ስም፣ ቀበሌና የዘመድ ስልክ በመዝገብ ይያዝ፤ በመጨረሻው ክፍያ ላይ «እስከ መጋቢት ድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ከያዘህ ይህን ካርድ ለጤና ጣቢያው አሳይ» የሚል ካርድ ይስጠው፤ የመጀመሪያውን ትራንስፖርትም ይቻል። የመኝታ ቦታውን ከግራርና ከተሰነጠቀ መረሬ ማራቅ፣ በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበርና አራት ችካል ማቅረብ የእሱ ድርሻ ነው። እድሩ የአስታማሚውን ቀለብ በደንቡ ይጻፍ። የከተማው ሰንበቴዎች ተራ ገብተው ማደሪያ ይስጡ፤ በተለይ በጥር፣ ለጥምቀት እንግዳ ጎንደርን ሲሞላትና የአልጋ ዋጋ ሲንር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኅዳር ከበረሃ የተመለሱትን በቤት በቤት ትመዝግብ። የሰሊጥ ላኪዎች ደግሞ ከሚልኩት በኩንታል ጥቂት ቢመድቡ ለጎደለው ይሞላል፤ ቀጥተኛ ባይሆኑም አሠሪዎች ናቸውና።

ቀላሉ የሚመስለው የመጨረሻው ቀጠሮ ግን ከሁሉ ይከብዳል። መዳኑ የሚረጋገጠው ሕክምናው ባለቀ በስድስተኛው ወር ነው፤ ኤች አይ ቪ ላለበት ደግሞ እንዳያገረሽ በየወሩ የፔንታሚዲን መርፌ ሊታዘዝ ይችላል። በጥር ታክሞ የወጣ ሰው የሚቀጠረው ለሐምሌ ነው። ሐምሌ የአረም ወቅት ነው፤ ዕዳውን ሊከፍል ያኔ ተመልሶ በረሃ ወርዷል። ስለዚህ ቀጠሮው ከመውረዱ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ ይሁን፤ ያ ካልሆነ ካርዱ ላይ የሸኸዲን ጤና ተቋም ስም ጨምሮ እዚያው እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል። ስልክ የሚደውልለት ሰውም ከወዲሁ ይታወቅ፤ ከነርሷ፣ ከእድሩ ዳኛ ወይም ከካቦው አንዱ።